አንድ ገበታ፣ ሦስት ደም

በአንድ ወቅት፣ ከእኛ ዘመን ብዙም ሳይርቅ፣ በጎጃም ቆላ አፋፍ ላይ ባለች ከተማ ወይዘሮ የሻረግ የሚባሉ የጠጅ ቤት እመቤት ነበሩ። የእሳቸውን ጠጅ የለመደ ሰው ሌላ ቤት ገብቶ ብርሌ ሲጨብጥ ፊቱን ይቋጥራል ይባልላቸዋል። ማሩን በጣታቸው ነክተው የየትኛው አገር አበባ እንደሆነ፣ ጌሾውን ነክሰው ለጋኑ ምን ያህል እንደሚበቃ ያውቁ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የቀመሱት ማር ይሁን የዘር ነገር እንጃ፣ ስኳር በሽታ ያዛቸው። መጀመሪያ እግራቸውን አደነዘዘ፤ ቀጥሎ የዓይናቸውን ብርሃን ወሰደው። የጠጅ መጥራት በዓይን ይታያል እንጂ በጆሮ አይሰማምና ቤቱን ለልጅ ማስረከብ ግድ ሆነባቸው።

ልጆቻቸው ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያዋ አንጓች ናት፤ ከባሏ ተፋትታ ከተመለሰች ጀምሮ ጋን ስታጥን፣ ማር ስትበርዝ፣ እናቷን ደግፋ ስታስገባና ስታስወጣ የኖረችው እሷ ናት። ሁለተኛው ስሜነህ ግንበኛ ነው፤ ድንጋይ ሲጠርብና ሲሸከም ይውላል። ሦስተኛዋ ትርንጎ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች።

ስለ አንጓች እውነቱን እንናገርና፣ ቀናተኛ ነበረች። ቅናቷ ግን ምክንያት አላጣም። ስሜነህ ሲገባ እናቱ ኮቴውን ለይተው «መጣልኝ ወንድ ልጄ» ይላሉ። ትርንጎ ስትገባ ድምፅዋን ሰምተው «ትርንጎዬ» ይላሉ። አንጓች ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ስለምትውል የምትመጣበት ሰዓት የላትም፤ ያልሄደን ሰው ደግሞ ማን «መጣሽልኝ» ይለዋል? የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ለእሷ የተነገረ ይመስላት ነበር። ያም ሆኖ ትርንጎ የስፌት መኪና አላት፣ ስሜነህ ክንድ አለው። አንጓች ከዚያ ጠጅ ቤት ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ምንም አልነበራትም። ቤቱ ለሌላ ቢሰጥ መግቢያ የላትም።

በዚያ ዓመት የዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ፋናዬ ሦስቱንም ልጆች አስጠርታ ጣታቸውን ወግታ ደማቸውን ለካች። የእናት ስኳር ልጅን ሊከተል እንደሚችል ታውቃለችና። የፈራችው አልቀረም፤ የሦስቱም ስኳር ከፍ ብሎ ተገኘ። ገና ለኪኒን የሚያደርስ አልነበረም። ምግባቸውን ካስተካከሉና ከተንቀሳቀሱ ሊመለስ እንደሚችል፣ ችላ ካሉት ግን የእናታቸው መንገድ እንደሚጠብቃቸው ነገረቻቸው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው፤ ማር ቤት ተወልደው ማር ተከለከሉ።

ወይዘሮ የሻረግ ይህን እንደሰሙ ሦስቱንም ፊታቸው አስቀመጡ።

«ይህ ቤት እኔን በልቶኛል» አሉ። «አፉን የማይገዛ ከተረከበው እሱንም ይበላዋል። ስለዚህ ትልቅ ናት ብዬ አልሰጥም፣ ወንድ ነው ብዬ አልሰጥም፣ እወዳታለሁ ብዬ አልሰጥም። ሁዳዴን በሙሉ በዘጠኝ ሰዓት ከአንድ ገበታ ትበላላችሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እህል የለም። አፉን ገዝቶ ስኳሩን ያሸነፈ የፋሲካን ጠጅ ይቅዳ፤ ቤቱ የእሱ ነው።»

ሲስተር ፋናዬ ነገሩን አልወደደችውም። ሰውነት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ ቀኑን ጾሞ ውሎ በአንድ ጊዜ መጥገብ ለሁሉም እንደማይስማማ ልታስረዳቸው ሞከረች። ወይዘሮ የሻረግ ግን አብሮ የበላ አብሮ ይወፍራል፣ አብሮ ይከሳል በሚባልበት አገር ያደጉ ሰው ናቸው። አንድ ማህፀን ያወጣቸውን ልጆች አንድ ገበታ ቢለያያቸው፣ ያ ልዩነት የምግቡ ሳይሆን የጠባያቸው ነው ብለው አመኑ። «ገበታ አያዳላም ልጄ» ብለው አሰናበቷት።

እንዲህ ሆኖ ጾሙ ገባ። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ሦስቱ ልጆች ገበታውን ከበው ይቀመጣሉ። ዓይነ ስውሯ እናት እንጀራውን በመዳፋቸው እየመጠኑ፣ ሽሮውን ወይም ምስሩን እያጠቀሱ፣ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ተጠንቅቀው ያጎርሷቸዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ይበላል። አንጓች እጃቸው ወደ ስሜነህ አፍ ሲሄድ ጉርሻውን በዓይኗ ትመዝናለች፤ ወደ ትርንጎ ሲሄድም ትመዝናለች። እኩል ነበር። እኩል መሆኑም አላሳረፋት፤ ምናልባት ትንሽ ቢበልጥባት ኖሮ የምትናደድበት ነገር ታገኝ ነበር።

ደብረ ዘይት ደረሰ። የጾሙ እኩሌታ ነውና ሲስተር ፋናዬ መጥታ ሦስቱንም ለካቻቸው። የስሜነህ በጣም ወርዷል፤ ቦርጩም ጠፍቶ መቀነቻው ወገቡ ላይ ይዞራል። የትርንጎ ሄዶ ሄዶ ወደ ደህናው ተጠግቷል። የአንጓች ግን ጭራሽ ጨምሯል።

ከዚያ ወይዘሮ የሻረግ ወደ አንጓች ዞረው፣ በለሆሳስ፣ «አንጓች፣ ብርዙን ስትበርዢ ትቀምሺያለሽ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ምን ትበል? ለፋሲካ የሚሆነውን ማር የበረዘችው እሷ ናት። ማሩ እስከ ክንዷ ይደርስ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ጣቷን ወደ አፏ ሳታደርስ ሄዳ በውሃ ታጥባዋለች። ለመቅመስ ግድ ሲሆንባት በምላሷ ጫፍ ነክታ ትተፋለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች። «አንድ ጠብታ አልዋጥኩም እማ» አለች። እናቷ «እሺ» አሉ፤ ያ «እሺ» ግን ያመነ ሰው እሺ አልነበረም። ትርንጎ አቀርቅራለች። ስሜነህ ጉሮሮውን ጠረገ። አንጓች የዚያን ዕለት የቀናችውን ያህል ቀንታ አታውቅም። ያልበላችው እሷ፣ የተጠረጠረችው እሷ!

በማግስቱ ሰበብ ፈልጋ ወንድሟ ወደሚገነባው ቤት ሄደች። ረፋድ ላይ ነው። ስሜነህ ከባልደረቦቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል፤ ሻዩን ደጋግሞ በስኳር ያማስላል። ድንጋይ በባዶ ሆድ አልነሳ ብሎት ሲንገዳገድ ነው አሉ መብላት የጀመረው። ያን በልቶ ከተነሳ በኋላ ሁለት ሰው የሚያቅተውን ድንጋይ ብቻውን ታቅፎ መሰላሉን ሲወጣ አየችው። በዘጠኝ ሰዓት እጁን ታጥቦ፣ ቀኑን ሙሉ እህል እንዳላየ ሰው፣ «ኧረ ራበኝ እማ» እያለ ቀረበ።

ገበያም ወጣች። ትርንጎ ከስፌት መኪናዋ ስር የደበቀችውን የሽምብራ ንፍሮ ዘግና ዘግና ትቆረጥማለች፤ ገና ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላም ገበታው ላይ ጉርሻዋን ተቀብላ ከጎመኑ ታበዛና እንጀራዋን ወደ እህቷ በኩል ትገፋለች። እናታቸው አያዩ። ከዚያ «ኪዳነ ምሕረት ልሳለም» ብላ ዳገቱን ትያያዘዋለች። ሆድና ግንባር አይሸሸግም ሲባል ሰምታ፣ የአንዳንዱ ሆድ እንዴት አድርጎ እንደሚሸሸግ አንጓችን ደነቃት።

የእሷስ? እሷ ቃሉን እንደ ቅዱስ ነገር ያዘችው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ትውላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ራሷን እያዞራት ትቀርብና ከፊቷ ያለውን ሁሉ፣ ትርንጎ የገፋችላትን እንጀራ ጭምር፣ ድንቹንም ሽሮውንም ጠራርጋ ትበላለች፤ ቃሉ ይፈቅድላታልና። ከዚያ ትጋደማለች። እንቅልፍ ግን የለም። የወንድሟ ወገብ፣ የእህቷ ቀላል እርምጃ፣ የእናቷ «እሺ» እየተፈራረቁ ያገላብጧታል። ለእናቷ ብትናገር ሁሉም በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። አልተናገረችም። ሰው በተሰበሰበበት፣ ጠጁ ሊቀዳ ሲል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሲወድቁ ማየት ፈለገች።

ቅዳም ሹር ጠዋት ሲስተር ፋናዬ ለመጨረሻ ጊዜ ለካቻቸው። የስሜነህ ስኳር ከጤነኛ ሰው ልክ ደርሷል። የትርንጎም እንደዚያው፤ ከወንድሟ በጥቂት ቢበልጥ ነው። አንጓች ግን ኪኒን መጀመር እንዳለባት ተነገራት።

በፋሲካ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ደንበኞች በየአግዳሚው ሞሉ። የጋኑ አፍ ተከፈተ። ጠጁ የወርቅ ቀለም ይዞ ጠርቷል፤ የአንጓች እጅ ሥራ ነው። ወይዘሮ የሻረግ ስሜነህን ጠርተው ብርሌውን ሊያስጨብጡት እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆይ እማ» አለች አንጓች።

ያየችውን ሁሉ ዘረዘረች። ዳቦውን፣ ሻዩን፣ ንፍሮውን፣ የተገፋውን እንጀራ። የምትናገረው ከሐዘን ይሁን ከደስታ እሷም አታውቀው። ስትጨርስ «እኔ ከገበታሽ ውጭ እህል አልቀመስኩም። ማር በእጄ ላይ እያለ ታጠብኩት እንጂ አልላስኩትም። ቃልሽን የጠበቅሁት እኔ ነኝ» አለች።

ስሜነህ ብርሌውን ከእናቱ እጅ ወስዶ ፊታቸው አስቀመጠ። የመዋሸት ልማድ አልነበረውም፤ የሚጠይቀው ስላልነበረ ነው የዋሸ የመሰለው። «እውነቷን ነው፣ በልቻለሁ» አለ። «እየራበኝ ድንጋይ መሸከም አልቻልኩም። ጠጅ ግን በአፌ አልዞረም፤ ስኳሬንም ዛሬ ሁሉም አይቶታል። አሸንፍ አልሽኝ እማ፣ አሸነፍኩ።»

ትርንጎም ተነሳች። «እኔም በልቻለሁ» አለች። «ነገር ግን እንዲያው አልበላሁም። በጾሙ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስለካ ስኳሬ ጨምሮ ቢገኝ፣ ሲስተርን ጠይቄ፣ የነፍስ አባቴን አስፈቅጄ ነው። ገበታው ለስሜነህ መድኃኒት ሆነ፣ ለእኔ ግን ሊገለኝ ነበር። እሱ በክንዱ አሸነፈ፣ እኔ አስቤበት አሸነፍኩ።»

ወይዘሮ የሻረግ ግራ ተጋቡ። ሲስተር ፋናዬ ከእንግዶቹ መካከል ነበረችና አስጠጓት። እንዴት ነው፣ አሉ፣ በስኳር ሻይ የጠጣው ድኖ ውሃ ያልቀመሰችው የታመመችው?

ሲስተር ፋናዬ እንደሚገባቸው አድርጋ አስረዳቻቸው። ከምንበላው እህል የሚገኘውን ስኳር ከደም አንስቶ ወደ ሰውነት የሚያስገባ ኢንሱሊን የሚባል ነገር አለ። ጡንቻ ስኳር ይበላል፤ ወንድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጡንቻው ይበዛል፣ እንደ ስሜነህ ድንጋይ የሚሸከም ከሆነማ ሻዩንም ያቃጥለዋል። የወንድ ቦርጭ ቶሎ ይመጣል፣ ሲጾምም ቶሎ ይሄዳል። በሴት ዘንድ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ኢንሱሊኑ የሚሰንፍባቸው አሉ፤ ወሩ ሊቋረጥ በሚቃረብበት ዕድሜ ደግሞ ስኳሩ ሊያስቸግር ይችላል። ሙሉ ቀን ተርቦ በአንድ ጊዜ መጥገብም ወንዱን ሲጠቅመው ሴቷን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ሁሉም ሴት እንዲህ ናት፣ ሁሉም ወንድ እንዲያ ነው ማለት ግን አይደለም፣ ለዚህ ነው እያንዳንዱን መለካት ያስፈለገው አለች። ከዚያ ወደ አንጓች ዞር ብላ፣ እንቅልፍ ማጣትና ብስጭትም ስኳርን ከፍ እንደሚያደርግ ጨመረች። አንጓች ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ይህን ሁሉ ለትርንጎ በጾሙ መጀመሪያ ነግሬያት ነበር» አለች ሲስተር ፋናዬ፣ ክፉ ለመናገር ሳይሆን ስለተገረመች። «ለእህትሽም አድርሺላት፣ በዕድሜዋ የተነሳ በእሷ ይብስባታል ብያት ነበር።»

ሁሉም ወደ ትርንጎ ዞረ። አልካደችም።

«ብነግርሽ ቤቱን ትወስጂብኝ ነበር እታለም» አለች። «አንቺ የጀመርሽውን ነገር ሳትጨርሺ እንደማትተዪ አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሠራሽው ሁሉ ከእኔ ሥራ ሲበልጥ አይቼ ነው ያደግሁት። አንዴ እንኳ ልብለጥሽ ብዬ ነው።»

አንጓች ይህን ሰምታ ወደ እህቷ ዞረች። ዕድሜዋን ሙሉ የቀናችባት እህቷ በእሷ ትቀና ኖሯል። ደስ ሊላት ሞከረ፤ እንጀራውን ወደ እሷ ስትገፋው ያየችውን እጅ ስታስታውስ ግን ደስታው አልመጣም።

ወይዘሮ የሻረግ አንድ ጥያቄ ቀራቸው። «አንቺስ» አሉ አንጓችን፣ «ሲበሉ ያየሽው መቼ ነው?»

«ከደብረ ዘይት ማግስት ጀምሮ።»

«ያኔ ብትናገሪ ነገሩ ምንድነው ብለን ሲስተርን እንጠይቅ ነበር፤ አንቺም ዛሬ ኪኒን ላይ አትደርሺም ነበር። ለምን ዝም አልሽ?»

አንጓች የምትለው ብዙ ነበራት። ጠርጥረሽኝ ነው ልትል ትችል ነበር፣ እውነትም ነው። «ዛሬ በሰው ፊት እንዲወድቁ ፈልጌ ነው» አለች።

ከአግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው አጉረመረሙ። ሌላው ተነስቶ ተቃወማቸው። ስኳር ማሸነፍ ነው የተባለው፣ ስሜነህ አሸነፈ፣ አለቀ አለ። አንዱ ደግሞ፣ አፉን መግዛት የተባለው የት ሄደ፣ ቃል የጠበቀች አንዲቱ ብቻ አይደለችም ወይ ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ በበኩላቸው፣ የራሷን ሰውነት አውቃ ያዳነችው ትርንጎ ብቻ ናት፣ ስሜነህማ የወረደለት እንዴት እንደሆነ ራሱም አያውቀው አሉ። ወዲያው ሌላዋ፣ እህቷን ዓይኗ እያየ ለበሽታ የሰጠች ለእንግዳ ጠጅ ስትቀዳ ማን ደፍሮ ይጠጣል ብላ መለሰችላቸው። ያለ ጠጅ ሞቅ አላቸው።

ወይዘሮ የሻረግ እጃቸውን አነሱ።

«እኩል ያጎረስኳችሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ስሜነህ ቃሌን አፍርሶ ዳነ፤ ግን ሲጠየቅ አልዋሸኝም። ትርንጎ አውቃ ዳነች፤ ግን እውቀቷን ለእህቷ ነፈገች። አንጓች ቃሌን ጠብቃ ታመመች፤ ግን ቅናቷ ከእኔ ቃል ይልቅ ጎድቷታል። ደግሞም ቤቱን ለአንጓች ብሰጣት ማሩ ዓይኗን እንደ እኔ ያጠፋዋል ብዬ እፈራለሁ። ብነሳት የምትገባበት የላትም።»

ብርሌውን ከፊታቸው ዳብሰው አነሱትና በሁለት እጃቸው ያዙት። ሦስቱ ልጆች ቆመዋል። ከሦስቱ አንዱም እጁን አልዘረጋም፤ ከሦስቱ አንዱም ወደኋላ አላለም። እንግዶቹ ይጠብቃሉ።

ያን ቀን ጠጁን የቀዳው ማን እንደሆነ የሚያወራው ሰው ሁሉ የተለያየ ስም ይጠራል፤ እኔም ከመሐላቸው ገብቼ አልምልም። ሰሚዎቼ ግን ፍረዱ፤ ስትፈርዱም ከሦስቱ በየትኛው እንደምትቀኑ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። ዓይነ ስውሯን እናት ብትሆኑ ብርሌውን ለማን ትሰጡት ነበር? ለስሜነህ፣ ለትርንጎ ወይስ ለአንጓች?